በዱወ ልደት ቀን የመጡት መርማሪ

ቺትስከ በስኔክ ከተማ፣ ለጀልባ አከራዮች የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የውልና የክፍያ ኃላፊ ናት። እንደሷ አሳምሮ የሚጨነቅ ሰው በአገሩ አልተገኘም፤ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ "ምን ሊያመጣ ነው?" ብላ ዣንጥላ ይዛ ትወጣለች።

የዚያ ሰሞን ግን ምክንያት ነበራት። የግብር መርማሪ ሐሙስ ሊመጡ ነው፤ ሰበቡም ዱወ ነው። ዱወ ቅጥር ሠራተኛ ሳይሆን ራሱን ችሎ በውል የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንደ ተቀጣሪ ሲታዘዝ ከተገኘ ውሉ የይስሙላ ይባልና ድርጅቱ የሦስት ዓመት ግብር ከነቅጣቱ ይከፍላል። ያን ከፍሎ የሚተርፈው የቡና ማሽኑ ነው፤ እሱም የኪራይ ነው።

ስለዚህ ዱወን እንግዳ ለማስመሰል ስትባዝን ከረመች። ጠረጴዛውን ጎትታ ጥግ ወሰደችው። እንደ አገሩ ልማድ መጸዳጃ ቤት ከተሰቀለው የሠራተኞች የልደት መቁጠሪያ ላይ ስሙን አጠፋች። "ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ እንዳትበላ፤ ጠዋት ዘግይተህ ግባ" የሚል ኢሜይል በየቀኑ ላከችለት።

ሐሙስ ዕለት ዱወ ከሁሉም ቀድሞ፣ የጋሪ ጎማ የሚያክል ኬክ ተሸክሞ ገባ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ቺትስከ።

"ልደቴ ነዋ! ባለልደት ኬክ ካላመጣ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትሰድበኛለች።"

"እናትህ በሕይወት አለች!"

"ያ ይብሳል፤ በስልክ ነው የምትሰድበኝ።"

"ዱወ፣ በሞቴ! ዛሬ ልደት የለህም።"

"ጉድ እኮ ነው! መወለድም በውል ሆነ እንዴ?"

ይህን ሲባባሉ መርማሪው አቶ ቴርፕስትራ በሩ ላይ ቆመዋል። ሠራተኛው ወንበሩን በክብ ደርድሮ፣ እንደ አገሩ ደንብ እርስ በርሱ እየተጨባበጠ "እንኳን ለዱወ ልደት አደረሰህ" ይባባል ጀመር፤ መርማሪውንም አልማራቸውም። እሳቸውም ኬካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጥያቄ ጀመሩ።

"ጠረጴዛዎ ለብቻው ምነው?"

"እሷ ናት የጎተተችው" አለ ዱወ።

"የሚገቡበትን ሰዓትስ ማን ይወስናል?"

"እሷው። ምሳዬንም ጭምር! በየቀኑ ትእዛዝ ይደርሰኛል፤ ላሳይዎት?"

ቺትስከ የራሱ ጌታ አስመስለዋለሁ ብላ እንደ ወታደር ስታዘው መክረሟ ያን ጊዜ ገባት።

"እናስ ይታዘዛሉ?"

"ማን? እኔ?" ዱወ ክሬሙን ከጢሙ ጠረገ። "በገዛ ላፕቶፔ፣ በፈለግኩት ሰዓት እሠራለሁ። ካልተመቸኝ ሌላ ሰው ተክቼ እልካለሁ፤ ውሉ ላይ አለ። አብረሃቸው አትብላ ስትለኝ የሷን ሳንድዊች ሁሉ ጨምሬ በላሁ። እንዲያውም ቺትስከ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ የሰዓት ዋጋዬ አሥራ አምስት ዩሮ ጨምሯል።"

"ሳትጠይቀኝ?"

"የሚጠይቅ ተቀጣሪ ነው፤ ነጋዴ ዋጋውን ይናገራል።"

አቶ ቴርፕስትራ ብዕራቸውን አወጡ። "እሷ ባትስማማስ?"

"ስታቭረን ከተማ ሌላ ደንበኛ አለኝ፤ እዚያ እሄዳለሁ።"

ሁሉም ቺትስከን አዩዋት።

"ጭማሪው አሥር ይሁን" አለች።

"አሥራ ሁለት።"

"...እሺ።"

"ይሄ ገበያ ነው እንጂ ቅጥር አይደለም" አሉ መርማሪው፣ ጽፈው መዝገባቸውን ዘጉ። "ውላችሁ ደህና ነው። ኬክ ተርፏል?"

ቺትስከ እፎይ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አሥራ ሁለቱ ዩሮ ከየት እንደሚመጣ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።