በአጥሩ ላይ ያለው «ዞር በሉ»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሰው ሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጥኩ ሳለ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ኑሪ መጥተው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ይግቡ ብላቸውም አልገቡም።

«ባዬ፣ ስፌቱን ተወው» አሉኝ። «እህትህን መኪና ገጫት። እዚያው አለፈች።»

እታፈራሁ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አዋሳ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማረች፤ ከፍ ያለ ክፍል ሲሰጧት እምቢ ትል ነበር። ከፊደሉ ጎን ለጎን ምላጭ እንዳይዙ፣ የበራ ኩራዝ ላይ ጋዝ እንዳይጨምሩ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሲወርዱ ጉማሬ ያለበት ቄጠማ ውስጥ እንዳይገቡ ልጆቹን ታስተምራቸው ነበር።

«ቲቸር፣ ጉማሬው ራሱ ቢመጣብንስ?»

«አንተን ካየ እሱ ይሸሻል። ፊትህን ታጥበህ ና።»

ከሁሉ የሚያስፈራት ግን በትምህርት ቤቱ በር ፊት የሚያልፈው አውራ ጎዳና ነበር። በ1975 ዓ.ም. በአጥሩ ግንብ ላይ፣ ከአብዮቱ መፈክር ሥር፣ «መኪና ሲመጣ ዞር በሉ» ብላ በቀይ ቀለም በገዛ እጇ ጻፈች። በዓመቱ ደግሞ ግቢው ውስጥ በኖራ መንገድ አስምራ፣ አንዱን ልጅ ጎማ እያስነዳች ታለማምዳቸው ጀመር። «ዞር በሉ!» ስትል የከተማው ልጆች ወደ ዳር ሮጡ። ቤታቸው ሲዳምኛ የሚያወሩት ግን ባሉበት ቆመው ፊታቸውን ወደ ጎማው አዞሩ።

«ገበያነሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ዞር በሉ አሉና ዞርኩ።»

ልጆቹ ሳቁ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። «ልጅቷ ልክ ናት» አለችኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ጽሑፉ «ከመንገድ ውጡ» ተብሎ እንዲለወጥ፣ ከሥሩም በሲዳምኛ እንዲጻፍ ዳይሬክተሩን ሸዋንግዛውን ጠየቀችው።

«ጓድ እታፈራሁ፣ ጽሑፉ በስብሰባ የጸደቀ ነው። የሚለወጠውም በስብሰባ ነው።»

«እስከዚያ እኔ ልፋቀው?»

«መፈክር ያለበትን ግንብ? አንቺም አላልሽ፣ እኔም አልሰማሁ።»

ስብሰባው ሁለት ጊዜ ለመዋጮ፣ አንድ ጊዜ ለሰልፍ ልምምድ ሲባል ተላለፈ። እሷ ሲዳምኛውን ከገበያነሽ እናት ጠይቃ የራሷን ክፍል በሁለቱም ቋንቋ አስተማረች። ሌላው ተማሪ ግንቡን እያነበበ ይገባል፣ ይወጣል።

ያን ማክሰኞ፣ አምና ልምምዱ ሳይጀመር ያስተማረቻት፣ ቤቷ ሲዳምኛ የምታወራ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ መንገዱ መሃል ሳለች የጭነት መኪና መጣ።

«‹ዞር በይ!› ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ» አሉኝ ጋሽ ኑሪ። «ዞራ ቆመች። እህትህ ሮጣ ገፈተረቻት።»

ልጅቷ ክርኗ ተላጠ እንጂ ደህና ናት።

በቀብሩ ላይ ሸዋንግዛው «ለሕፃናት የተሰዋች ጓድ» ብሎ ንግግር አደረገ። ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስብሰባው መቼ ነው?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ! በለቅሶ ቤት ስለ ስብሰባ ይወራል?»

«እሺ፣ ለቅሶው ሲያበቃስ?»

«እናየዋለን።»

አርባዋ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢሮው ሄጄ ጠየቅኩት። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ግንቡ ሲታደስ መፈክሩን አዲስ ቀለም ቀቡት። ከሥሩ ያለውንም ፊደል በፊደል እየተከተሉ ደግመው ቀቡት።

ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በሲዳምኛም የተጻፈ ነገር የለም።