እማሆይ ብርቄ ያልተሻገሩት አስፋልት

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችንን ዕቃ ቤት ሳጸዳ ከተሰበሩ ወንበሮች ጀርባ አንድ ክብ ጣውላ አገኘሁ። ቀይ ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ እጀታው ግን ደህና ነው። መሃሉ ላይ በነጭ ቀለም «ቁም» ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቼ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የትራፊክ ክበብ ንብረት ነው ብዬ አለፍኩት። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ይህንኑ ጣውላ ተሸክሜ አስፋልት ዳር እቆም እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

ያኔ ደብረ ታቦርን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ብዙም አልቆየም ነበር። ጠጠር መንገድ በነበረ ጊዜ መኪና ከሩቅ በአቧራው ይታወቃል፤ ሰው ተረጋግቶ ዳር ለመያዝ ጊዜ ነበረው። አስፋልቱ አቧራውን አጥፍቶ ፍጥነት አመጣብን። ፀሐይ ሲመታው የሬንጁ ሽታ እስከ ክፍላችን መስኮት ይደርሳል። ከትምህርት ቤታችን በታች ነጫጭ መስመሮች ሲቀቡ እኛ ልጆች ለጨዋታ የተሠመሩ መስሎን ሰኞ ማክሰኞ ተጫወትንባቸው። ዜብራ እንደሚባሉና ለእግረኛ መሻገሪያ እንደሆኑ ያስረዱን የክበቡ ኃላፊ መምህር ናቸው። እሳቸው የነገሩኝን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። በግራ ጠርዝ ሂዱ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ። በዜብራ ላይ ቅድሚያ የእግረኛ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ ጣውላዬን ይዤ የቆምኩ ቀን፣ ከተማው ሁሉ የእኔ ተማሪ መሰለኝ።

የመጀመሪያ ተማሪዬ እማሆይ ብርቄ ነበሩ። ቆብ የደፉ ባልቴት፣ የቅርብ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ጋር ከአስፋልቱ ወዲህ ነው፤ የሚሳለሙባት ማርያም ደግሞ ማዶ ናት። ባላቸው የተቀበሩትም በማርያም ግቢ ነው። በየጠዋቱ ኪዳን ለማድረስ ይወጡና መቋሚያቸውን ተደግፈው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። በሁለቱም በኩል ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ተሽከርካሪ ካልጠፋ አይሻገሩም። አንዳንድ ቀን እሳቸው እዚያው እንደቆሙ ኪዳኑ ያልቃል።

አንድ ጠዋት ጠጋ ብዬ ነጫጮቹን መስመሮች አሳየኋቸው። እዚህ ላይ አንቱ እግርዎን ካሳረፉ መኪናው የመቆም ግዴታ አለበት አልኳቸው። ማን አዘዘው አሉኝ፤ ሕግ ነው አልኩ። ሕጉን በምን ያውቃል አሉኝ፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተፈትኖ ነው አልኩ። ሳቁብኝ። ተፈትኖ የወደቀው ቢመጣስ አሉ። ከዚያ እሳቸው በሚያውቁት ነገር ላስረዳ ብዬ አሰብኩ። በእኛ አገር ቀጭን መንገድ ላይ ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ ጎንበስ ብሎ ዳር ይወጣል፣ ታላቁ ያልፋል። ዜብራም እንደዚያ ነው፤ መኪናው ታናሽ፣ እግረኛው ታላቅ ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተፈታ።

«እንዲህ ከሆነማ ጨዋ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጣውላዬን አነሳሁ፤ አንድ ሚኒባስ ቆመ። እማሆይ መስመሩ መሃል ደርሰው ቀጥ አሉ። ወደ ሹፌሩ ዞረው መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ይመርቁት ጀመር። ታናሽ መንገድ ሲለቅ ታላቅ ሳይመርቅ አያልፍምና ለእሳቸው ሳይመርቁ ማለፍ ነውር ነበር። ሹፌሩ ግራ ቢገባውም ጎንበስ ብሎ አሜን አለ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «እማሆይ፣ የቆመው እሱ ብቻ ነው እንዴ? እኔንም እንጂ!» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። የሐሙሲትና የባሕር ዳር ሚኒባሶች ነጩን ነጠላቸውን ከሩቅ ሲያዩ ራሳቸው ፍጥነት ይቀንሱ ነበር።

በመንገድ መሃል መቆም እንደማይገባ አውቅ ነበር። መምህራችን አስተምረውናል። ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ምርቃቱ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ ትምህርት ያመጣው ነገር ይመስለኝ ነበርና።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰደርያም ጣውላም አልያዝኩም። ከሳይክል ጠጋኙ ከጋሽ ኑርዬ ለግማሽ ሰዓት ሳይክል ተከራይቼ ላይኛው ሜዳ ስነዳ ቆየሁ። ጋሽ ኑርዬ ሰዓት ላሳለፈ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ አያከራዩም። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ቁልቁለቱን ለቀቅኩት። ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው። ከፊቴ አንድ ሚኒባስ በቀኝ ጠርዝ ሲሄድ አየሁና ዜብራው ጋ ሲቆም ሰው የሚያወርድ መሰለኝ። ፍሬኑ ይሠራ ነበር፤ አልያዝኩትም። በሚኒባሱና በጠርዙ መካከል ባለው ክፍተት ገባሁ።

እማሆይ ከማርያም እየተመለሱ ነበር። ሹፌሩን መርቀው ጨርሰው፣ ከሚኒባሱ ፊት ወጥተው የመጨረሻውን እርምጃ ወደ ጠርዙ ሲያነሱ አገኘኋቸው። የሳይክሉ መሪ ጎናቸውን መታቸው። አብረን ወደቅን። መቋሚያቸው እየተንከባለለ ሚኒባሱ ሥር ገባ። ጉልበቴ ተልጦ ደሙ ሲወርድ ትዝ ይለኛል፤ ሕመሙ ግን ትዝ አይለኝም። እሳቸው አልጮኹም። መሬት ላይ እንደተጋደሙ ማን እንደመታቸው አዩ።

«የሺ» አሉኝ፣ «ይቆማሉ ብለሽኝ የለም እንዴ?»

«መኪና ነው ያልኩዎ» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩላቸው። ሳስረዳ መኪና ብቻ ብዬ ስለነበር፣ በዚያች ሰዓት እንኳን የተናገርኩት ትክክል መሆኑን ነው ያሰብኩት። ሳይክልም ተሽከርካሪ እንደሆነ፣ ለእግረኛ የቆመ መኪና ካየህ አንተም ቁም እንደሚባል ተምሬ ነበር። ራሴን ግን ከተሽከርካሪ ቆጥሬ አላውቅም። ለራሴ ሳይክል የያዝኩ እግረኛ ነበርኩ።

የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከቤት ሮጦ የደረሰው አባቴ በዚያው ሚኒባስ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሲተኙ አልጋቸው አጠገብ የምቀመጠው በእናቴ ትእዛዝ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። አባቴ ይቅርታ እንዲጠይቁለት ሽማግሌ ሲልክ፣ ከልጅ ጋር ምን ሽምግልና አለኝ ብለው ጠበል አቅምሰው መለሷቸው። ስለዚያች መልሴ ለማንም አልተናገሩም። ቢናገሩብኝ ይቀለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ በመቋሚያ መሄድ ጀመሩ። አንድ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆመው አየኋቸው። ሰደርያዬን ለብሼ ሮጥኩ፤ ጣውላዬን ከፍ አድርጌ ከላይም ከታችም የሚመጣውን ሁሉ አስቆምኩ። ይሻገሩ አልኳቸው። መስመሩን ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያም የቆመውን ሚኒባስ አዩ።

«ይሄንንስ አቁመሽዋል። ከጀርባው ያለው ግን አይታየኝም፣ ልጄ» አሉና ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስፋልቱን አልተሻገሩም። ኪዳን የሚያደርሱት ከአስፋልቱ ወዲህ ባለው ሚካኤል ሆነ። በወር በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት፣ ጠርዙ ላይ ቆመው ማዶውን ሦስት ጊዜ ሰግደው ይመለሳሉ። እኔ በየሃያ አንዱ ጣውላዬን ይዤ አጠገባቸው እቆማለሁ። እኔም ይሻገሩ አልልም፤ እሳቸውም ሂጂ አይሉኝም።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አረፉ። ከባላቸው አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዘው ስለነበር አስከሬናቸው ወደ ማርያም ተወሰደ። ከቀባሪው ጋር ስወጣ ጣውላውን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነበር። ዜብራው ጋ ስንደርስ ግን ላነሳው አላስፈለገም። ከላይ የመጣው የጭነት መኪና ቆመ፤ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ቆመ፤ ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጠፉ። በጠርዙ በኩል ሲበር የመጣ አንድ ልጅ ከሳይክሉ ወርዶ ቆቡን አወለቀ። ከማንም ጀርባ የሚመጣ አልነበረም። ካህናቱ እየዘመሩ፣ እማሆይ ብርቄ ቀስ ብለው ተሻገሩ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰዎች ለሞታቸው ያለቀስኩ መሰላቸው።

ዛሬ በዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባጃጁ በዝቷል፤ የዜብራው ቀለም በጎማ ተበልቶ ቦታውን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚያየው። ሊመረቅ ብሎ ቀድሞ ፍጥነት የሚቀንስ ሹፌርም ካየሁ ቆይቷል። ለተማሪዎቼ ሕጉን በቅደም ተከተል አስረዳለሁ፤ «ተሽከርካሪ» ስል ሳይክልን አስቀድሜ እጠራለሁ። ጣውላውንም በአዲስ ቀለም እናድሰዋለን።

ወደ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው። እዚያ ቦታ ስደርስ የሚሻገር ሰው ባይኖርም እወርዳለሁ። ትናንት ከኋላዬ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ማንም የለም እኮ! ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለኝ። በእጄ ታገሥ አልኩት። አንድ ምርቃት የሚፈጀውን ያህል ቆሜ፣ ከዚያ አለፍኩ።