ቅርፊት የሌለው ዓሣ

ባሌ የገዛውን ቀርሙት ዓሣ ከነጭቃው ማጠቢያው ላይ ዘረገፈው። የደለሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ የልጅነቴ ንዴት እንዳለ ተመለሰ።

ያኔ የምንኖረው ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነበር። ሱዳናዊው አባቴ ማታ ማታ አባይ ወርዶ፣ በድንጋይ ያከበደውን መንጠቆ እስከ ወንዙ ወለል ድረስ ይለቀዋል። ቀርሙት፣ ሐበሻዋ እናቴ አምባዛ የምትለው፣ ጭቃ ለጭቃ የሚሄድ ጢማም ዓሣ ነው። አንድ ማታ ሲባጎውን ለእኔ ሰጠኝ። መዳፌን ላጠው እንጂ አልለቀቅኩትም። ክንዴን የሚያህል ዓሣ አቅፌ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

እናቴ እኔን አላየችኝም፤ ያየችው ዓሣውን ነው።

"ቅርፊት የለውም። የኛ ሰው አይበላውም፤ ድስቴ ውስጥ አይገባም!"

"ካፉሪ ሰፈር፣ ተቀጥረሽ በምትሠሪበት ቤት፣ ለመዳምሽ ትሠሪው የለም እንዴ?" አላት አባቴ።

"እዚያ የሚሠራው እጄ ነው። እዚህ ግን እኔ ነኝ።"

"ኻላስ፣ በቃ!" ብሎ ዓሣዬን ከደጅ ወረወረው። ድመቶች ተሻሙበት። ማን እንደያዘው የጠየቀ የለም። አባቴን ለመወርወሩ፣ እናቴን ደግሞ ለዚያ ላልገባኝ ንግግሯ ስንት ዓመት ተቀየምኳቸው።

አሁን እኔም ቀኑን ሙሉ ጀብራ ሰፈር፣ በሰው ቤት የሰው ወጥ ስሠራ ውዬ መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

"ያላ፣ ቶሎ ሥሪው፤ ርቦኛል" አለኝ ባሌ።

ቢላዋውን በእጀታው በኩል አቀበልኩት።

"የኔ እጅ ጀብራ ቀርቷል፤ በራስህ እጅ ሥራው።"