ያልተነገረ መርዶ ይዤ ወደ ሱሉልታ

ሰበታ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

የአጎቴ ልጅ ከሱሉልታ ሲደውልልኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

"አባባ ዐረፉ" አለኝ። አባባ የምንላቸው አያቴን፣ ኦቦ ነገዎን ነው። "ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አዳዳን ከቡራዩ አንተ ይዘሃቸው ና። ግን እንዳትነግራቸው፤ እዚህ ሲደርሱ ሽማግሌዎች ያረዷቸዋል።"

አዳዳ የአባባ ታናሽ እህት ናቸው። በእኛ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለሰነበተ ግን ለእኔ በስልክ ደረሰኝ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ፊቴ ካበጠ አዳዳ ያውቁብኛል ብዬ ዋጥኩት።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ካስነሳ ወዲህ ሚኒባስ የሚገኘው እንደ ዕድል ነው። በስንት ጥበቃ አንዱ መጣ። ሾፌሩ ድንጋይ እንዳይወረወርበት የፊት መስታወቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰክቷል። በየፋብሪካው በር ከዘበኛ በቀር ሰው አይታይም። አየር ጤና ወርጄ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቡራዩ ገባሁ።

ቡራዩ፣ 4 ሰዓት

አዳዳን ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ሲልጡ አገኘኋቸው። "አከም ቡልተን፣ አዳዳ" ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ፊቴን ትንሽ አዩኝ።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። አባባን ትንሽ አሟቸው ነው፤ ሊያዩዎት ፈልገዋል።"

"ይበላል?"

"ትንሽ ትንሽ።"

የሞተ ሰው ይበላል ብዬ ዋሸሁ። "እንግዲያ ለአጥሚት የሚሆን አጃ ልያዝለት" ብለው ጓዳ ገቡ፤ ቆየት ብለው የተቋጠረ ፌስታል ይዘው ወጡ። ኮንትራት የያዝኩትን የላዳ ሾፌር ለብቻው ወስጄ እውነቱን ነገርኩት።

"ለቅሶ ከሆነ ያሳልፉናል" አለና ሞተሩን አስነሳ።

እንጦጦ፣ 7 ሰዓት ተኩል

አዲስ አበባ ውስጥ በየኬላው ስንፈተሽ ቀኑ ነጎደ። ከአዲሱ ገበያ በላይ ላዳዋ ዳገቱ ላይ ማቃሰት ስትጀምር አዳዳ በመስኮቱ ቁልቁለቱን አሳዩኝ።

"በዚህ መንገድ ነገዎ አዝሎኝ ወርዷል" አሉ። "አባታችን ከሞተ በኋላ ነው፤ ሳንባ ምች ይዞኝ። እኔን በጀርባው፣ ወተቱን በእጁ ይዞ። ወተቱን ሸጠና መድኃኒት ገዛልኝ። ለራሱ ዳቦ እንኳ አልቀመሰም።"

እኔ የማስታውሳቸው አባባ የሱሉልታው የድርቆሽ ጌታ ናቸው። ቀያሾች መጥተው ሣር የሚያጭዱበት መሬታቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ሲተክሉ ጎረቤቱ ተንጫጫ፤ እሳቸው ጥጃቸውን አምጥተው ችካሉ ላይ አሰሩ። "መሬቱን እስኪወስዱት ጥጃዬ ይጠቀምበት" አሉ። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ እንደቀነሱ ሰምቻለሁ። የሰማሁት በወሬ ነው፤ ሄጄ አላየኋቸውም።

ሱሉልታ መግቢያ፣ 8 ሰዓት ተኩል

መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘግቷል። ወጣቶች ከበቡን።

"ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ነው?" አለ አንዱ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። አዳዳ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

"በሽተኛ ልንጠይቅ" አልኩ።

"በሽተኛ ነገም ይጠየቃል። ዛሬ የሚያልፈው ለቅሶ ብቻ ነው። ተመለሱ።"

ቀብሩ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ብናገር አዳዳ መንገድ ላይ፣ በማያውቋቸው ሰዎች ፊት መርዷቸውን ሊሰሙ ነው። ዝም ብል ወንድማቸውን ሳይቀብሩ ሊቀሩ ነው።

አዳዳ ፌስታላቸውን ፈቱ። ውስጡ አጃ አልነበረም፤ ጥቁር ነጠላ ነበር። አውጥተው ለበሱትና በመስኮቱ ወደ ልጁ ዞሩ።

"ኦቦሌሲ ኮ ዱኤ" አሉት። "ወንድሜ ሞቶ ነው፣ ልጄ። ነገዎ።"

ልጁ ኮፍያውን አወለቀ። "ጥጃቸውን ችካሉ ላይ ያሰሩት?"

"እሱ ነው።"

ግንዱን ለአራት አነሡት። ላዳዋ ስትንቀሳቀስ ወደ አዳዳ ዞርኩ።

"መቼ አወቁ፣ አዳዳ?"

"በሩ ላይ ሳይህ። አንተ ያለ ምክንያት ቡራዩ መጥተህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"አንተም ገና አላለቀስክም። እኔ ከጀመርኩ ማን ያደርሰናል ብዬ ነው። አሁን ደርሰናል፤ አልቅስ።"

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እስክንደርስ ተቃቅፈን አለቀስን። አፈር ሲመለስ አዳዳ ከመቃብሩ ራስጌ ቆመው ነበር። ሊያረዷቸው የተዘጋጁት ሽማግሌዎች አጠገባቸው ሆነው ደገፏቸው።

ሰበታ

ከሠልስት በኋላ አዳዳን ቡራዩ አድርሼ ቤቴ ገባሁ። ከሰበታ ሱሉልታ በደህና ቀን ግማሽ ቀን አይፈጅም። አባባ ሳሉ መንገዱ ክፍት ነበር፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ምክንያት ስጠብቅ ኖርኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ ትምህርቱ ለአባባ አልደረሰላቸውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። አዳዳ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ የበሩን መቃን ያዙ።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ አዳዳ። እንዲሁ መጣሁ።"

ፊቴን ረጅም ጊዜ መረመሩ። እጃቸው መቃኑን እስኪለቅ ቆሜ ጠበቅኩ።