ስም መቀየር የተረሳበት አቤቱታ

አራዳ ፍርድ ቤት አጠገብ ራፖር ጸሐፊ ሆኜ ለባለጉዳይ አቤቱታ መጻፍ የጀመርኩ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ሙላት አንድ ገጽ አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ባለጉዳይዋ ጎረቤቷን «ሌባ» ስትል እኔም «ሌባ» ብዬ መታሁ። ጋሽ ሙላት ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው መዘዙና፣ «ሌባ የሚለው ዳኛው ነው። አንቺ ያየችውን ጻፊ» አሉኝ። በአራተኛው «አጥሬን ነቅሎ ቆርቆሮውን ወሰደ» ብዬ ጻፍኩ። ባለጉዳይዋን እንዳስፈርም ነገሩኝ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የምንሠራባት ክፍል ለእኔ ቀረች። መኪናው በኮምፒውተር ተተካ፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ክፍሏ ያለችበት ሕንፃ የአቶ ዳምጠው ነበር። ገንዘብ በማበደር ጀምረው አክሲዮን ሻጭ የሆኑ ባለጠጋ ናቸው። ያን ሰሞን አፍንጮ በር ላይ ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ሊሠሩ አክሲዮን ይሸጡ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ «የሰፈሩን መልክ እቀይረዋለሁ!» ይሉኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሰው መጡ። ጫማ ሰፊ ናቸው። አፍንጮ በር፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ በጋራ በያዘው ግቢ ይኖራሉ። የያዙት ረቂቅ በግቢው ያሉት የትግራይ ተወላጆች በሐሰት ሰነድ ስለገቡ ይውጡልን ይላል።

«ሰነዱን አይተውታል?» አልኳቸው።

«እኔ አላየሁም። ረቂቁን የጻፈልን ጠበቃ ነው ያለው። ካልቀደማችኋቸው ያስወጧችኋል አለን።»

«ስንት አስከፈላችሁ?»

«በነጻ ነው።»

እስከ ረቡዕ ይቆዩኝ አልኳቸው።

ማክሰኞ ወይዘሮ ለተብርሃን መጡ። ያው ግቢ ነው፤ ከጋሽ ሸምሱ ጋር ግድግዳ ይጋራሉ። የእሳቸው ረቂቅ ደግሞ የስልጤ ተወላጆች ይውጡ ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ «እነዚሁ የትግራይ ተወላጆች በአስቸኳይ እንዲወጡ» የሚል መጣ።

ወይዘሮ ለተብርሃን እጄን ያዙኝ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«በገዛ ፊርማዬ እኔኑ ላስወጣ ነው እንዴ?»

ረቂቁ አንድ ነበር። ጠበቃው የብሔር ስም እየቀያየረ ለሁለቱም ወገን ሰጥቷል፤ እዚያች አንቀጽ ላይ መቀየሩን ረስቶታል።

የአንዱን ባለጉዳይ ወረቀት ለሌላው አላሳይም። ስለዚህ ረቡዕ ሁለቱንም ጠራሁና የየራሳቸውን ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረግሁ። ጋሽ ሸምሱ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ወይዘሮ ለተብርሃን ከወረቀታቸው ላይ ጨረሱት።

«ለተይ፣ ሁለት ወር ሰላምታ የነሳሁሽ ለዚህ ነው?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«እኔስ ልጆቼን ደጅህ እንዳይደርሱ ከልክዬ የለ!» አሉና ወይዘሮ ለተብርሃን አለቀሱ።

ጋሽ ሸምሱ የአቶ ዳምጠውን አክሲዮን የገዛ አንድ ደንበኛቸው የተወውን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ባለ ሃያ ፎቁ ሕንፃ የተሳለበት መሬት የይዞታ ቁጥር የእነሱ ግቢ ቁጥር ነበር። የአክሲዮኑ ጠበቃ ተብሎ የተጻፈውም ያው ረቂቁን በነጻ የጻፈላቸው ሰው ነው። አቶ ዳምጠው የእሳቸው ባልሆነ መሬት ላይ አክሲዮን ሸጠዋል፤ ነዋሪው ተጣልቶ ሲበተን ግቢውን በርካሽ ሊጠቀልሉት ነበር።

አሥራ አንዱም ቤተሰብ የፈረመበት አንድ አቤቱታ ጻፍኩ። ሁለቱን ረቂቆችና የአክሲዮኑን ወረቀት አባሪ አደረግሁ።

አቶ ዳምጠው አስጠሩኝ። «አንቺ እኮ የእኛው ሰው ነሽ። ከእነሱ ጋር ምን አገናኘሽ?»

«ባለጉዳዮቼ ናቸው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ክፍሌን በሳምንት ውስጥ ልቀቂ።»

ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በዚያች ክፍል ሠርቼ ነው። ግን ለቀቅሁ። ጋሽ ሸምሱ ጫማ ከሚሰፉባት በረንዳ ግማሿን ሰጡኝ።

ፍርድ ቤቱ ግንባታውን አገደ። ወሬው ሲሰማ አክሲዮን የገዙት ይጎርፉ ጀመር፤ አስተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ባለሱቁ። ሰልፉ ከበረንዳው አልፎ አስፋልት ደረሰ። የእያንዳንዳቸውን ቃል ስጽፍ ሰነበትኩ። አቶ ዳምጠው ሲያዙ፣ «በብሔሬ ምክንያት ነው የተጠቃሁት» አሉ። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ከሳሽ ግን የገዛ አጎታቸው ልጅ ነበር።

የባለአክሲዮኖቹን ገንዘብ ለመመለስ ሕንፃው በሐራጅ ተሸጠ፤ አዲሱ ባለቤትም ክፍሌን መልሶ አከራየኝ። ጠረጴዛዬን እነጋሽ ሸምሱ ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ከፊት ከፊት እልል ይሉ ነበር። ከየቢሮው ሰው ወጥቶ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፦ ባለጉዳዩ ቢቸኩልም እንኳ፣ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡለት።