የድሆች ጉድጓድ

በሽንፋ ወንዝ ዳር ባለው አገራችን ሰው በሁለት ነገር ይታማል፤ በስስትና በለጋስነት። ስስታሙን «ቋጣሪ» ብለው ይተዉታል። ለጋሱን ግን «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እያሉ እስኪሞት ይከታተሉታል። የሻረግ በለጋስነት ስትታማ ኖራ በመጨረሻ በሌብነት ተፈረደባት። እናቴ በዚያች ሴት ማሽላ ከሞት ተርፋ ነው እኔን የወለደችኝ፤ ያስፈረደችባት ደግሞ አያቴ አየሁሽ ናት። ስለዚህ ታሪኩን ረጋ ብዬ እንድናገር የሚጠብቅ ካለ ሌላ ተራኪ ይፈልግ።

የሻረግ ባሏን ወባ የወሰደባት፣ የማኅፀን ልጅ የሌላት ገበሬ ነበረች። ሴት እርፍ አትጨብጥም በሚባልበት ዘመን ሁለት በሬዎቿን ራሷ ጠምዳ ታርስ ነበር። ምላሷ ከማረሻዋ የባሰ ነው ይባል ነበር። ለሰው ስትሰጥ እንኳ ሳትሳደብ አትሰጥም፤ «ብላ፣ አንተ ደረቅ፤ ሞተህ ቀብርህን ደግሞ በእኔ ላይ ልትጥል ነው?» ትላለች። እሷ የማትሳደበው የማታውቀውን ሰው ብቻ ነው። ስድቧን የለመደ ሰው ከቤቷ ጠግቦ ይወጣ ነበር።

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደምለው የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ከጭልጋ በኩል ወርዶ ደጇ ላይ ወደቀ። ወባው ሲለቀው ሽማግሌ ጠርታ የጡት ልጅ አደረገችው፤ አውራ ጣቷን ማር ነክራ በሰው ፊት አጠባችው። በአገራችን ሕግ ከዚያ በኋላ ልጇ ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሳይለምን ይበላል፣ ስትሞት ይቀብራታል፣ ይወርሳታል። «እምዬ» ነበር የሚላት። እሷም እሱን ስትጠራ ድምፅዋ ይለሰልስ ነበር አሉ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ደጋው መቃጠል ጀመረ። «አርበኛ አብልታችኋል» እየተባለ ቤቱ ከነጎተራው ሲነድ፣ የተረፈው ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ቆላ ወረደ። አየሁሽ ባሏ ከተገደለ በኋላ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከወረዱት አንዷ ነበረች፤ ከሦስቱ ትንሿ እናቴ ናት። ከመንደሩ ዳር ካለው ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር ብዙ ቤተሰብ ሰፈረ። ደገኛ ቆላ አያውቅበትም። በክረምት የዋልካው ጭቃ እግር ይይዛል፣ ወባው ይጥላል፣ ወንዙ ሲሞላ መውጫ የለም። እህል ሳይዝ ክረምት የገባበት ስደተኛ መስከረምን አያይም።

በእኛ ልማድ ማሽላ ተወቅቶ ምርቱ ከአውድማ ሳይነሳ ለድሃ አንድ ቁና ይወጣል። ያንን ቁና ቀድሞ የደረሰ ለማኝ ይወስደዋል። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ይጠግባል፤ ነሐሴ ላይ ሁሉም ይራባል። የሻረግ በዚህ ተናደደች። አውድማ ለአውድማ እየዞረች «ድሃ በታኅሣሥ አይሞትም፤ የሚሞተው በነሐሴ ነው» እያለች፣ የየቤቱ ቁና ተሰብስቦ ለክረምት እንዲቀመጥ ሰውን ወተወተች። መተማ ላይ ሱቅ ያለው ሼህ ሷሊህ ዘካውን ጨመረበት፤ የጭነት አህያም አዋሰ። የክርስቲያኑ የአውድማ ምጽዋትና የሙስሊሙ ዘካ አንድ ላይ ገባ፤ ስሙም የድሆች ጉድጓድ ተባለ።

ጉድጓድ ያልኩት የቆላውን የእህል ጉድጓድ ነው፤ ሱዳኖቹ መጥሙራ ይሉታል። ውስጡ በእሳት ደርቆ በጭድ ይለበጣል፤ ማሽላው ከሞላ በኋላ አፉ በጭድ፣ በአመድና በጭቃ ተደፍኖ አፈር ይለብሳል። በላዩ ብትሄድበት አታውቀውም። ቦታውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ባለአደራውና ባለአደራው የሚያምነው። ሦስተኛ ሰው ካወቀ ጣሊያን አወቀ ማለት ነው፤ የመተማው ምሽግ ለበቅሎዎቹ ቀለብ ሲያጥረው የሰው ጉድጓድ እያስቆፈረ ይወስድ ነበርና። ደግሞም ለአንድ ሰው የሁለት ጉድጓድ ምስጢር አይሰጥም። ስለዚህ እህሉ የሻረግ ግቢ ተራገፈ፤ ከዚያ ወደ ጫካ ወስደው የድሆቹን ጉድጓድ የሞሉት እሷና ደምለው ብቻ ነበሩ። የራሷን ጉድጓድ ደግሞ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ሼህ ሷሊህ ነበር። ሌላው ሰው ጉድጓድ ያላትም አይመስለው።

በመጋቢት ደምለው ለመንገድ ሥራ በግዳጅ ሊወሰድ ነው ተባለ። ድንጋይ ከመፍለጥ ብሎ ምሽጉ ውስጥ በቅሎ ቀላቢ ሆኖ ገባ። የሻረግ አልወደደችውም፤ ከጅራፍ ይሻላል ብላ ግን ዝም አለች። አልፎ አልፎ ይመጣና «እምዬ፣ ከርከሮ እንዳይቆፍረው ጉድጓዱን አይቼው ልምጣ» ይላታል። እሷም መርቃ ትሸኘዋለች።

ሰኔ ሲገባ እናቴን ወባ ጣላት። የድሆች ጉድጓድ መክፈቻ ለሐምሌ አቦ ተቀጥሯል፤ ከዚያ በፊት ለአንዱ መስጠት ሌላውን መበደል ነው። የሻረግ ደግሞ ልጅ ስትሞት ቁጭ ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። በዝናብ የተከፈተ ጉድጓድ እህሉ እንደሚበላሽ እያወቀች የራሷን ከፈተች። አንድ ማለዳ ስልቻዋን ተሸክማ ከጫካው ስትወጣ አየሁሽ አየቻት። የሻረግ ማሽላውን አስረክባት፣ አጥሚት አድርገሽ ስጫት፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ፣ «ደግሞ ራስሽ እንዳትበይው፣ አንቺ ከንቱ» ብላ ሄደች። እናቴ በዚያ አጥሚት ዳነች።

ለሐምሌ አቦ ሰፋሪው ሁሉ ስልቻውንና ቅሉን ይዞ ጫካ ገባ። የጉድጓዱ አፍ ተከፍቶ የታመቀው አየር እስኪወጣ ተጠበቀ፤ ያን ሳይጠብቅ የወረደ ሰው በሕይወት አይወጣም። ከዚያ አዛናው የሚባል ጎረምሳ በገመድ ወረደ። ብዙ ቆየ። ሲስቡት በእጁ እፍኝ ጭድ ይዞ ወጣ። አንዲት ሴት ስልቻዋን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

ማሽላው የት እንደገባ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። ደምለው ጉድጓዱን ላየው እያለ በመጣ ቁጥር በአህያ እየጫነ ለምሽጉ ሲያስረክብ ከርሞ ነበር። በለውጡ የበቅሎ ቀላቢዎች አለቃ ተደረገ፤ ቀይ መታጠቂያም ሰጡት። በዚያ ዓመት የጣሊያን በቅሎዎች ጀርባቸው ያብረቀርቅ ነበር አሉ። የድሃ ቁና እንዲያ ያወዛል። የእናት ጡት ነካሽ ሲባል እሰማ ነበር፤ ማር የተቀባ ጣት የነከሰ ግን ከደምለው ሌላ አላውቅም።

ጣሊያን የሾመው የአካባቢው ሹም አውጫጭኝ አስጠራ። አውጫጭኝ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። ያየ ሰው ለሽማግሌዎች በጆሯቸው ይናገራል፤ እነሱም «ወፍ እንዲህ ትላለች» ብለው ያወጣሉ። የወፏን ስም መጠየቅ ነውር ነው። ሰዉ ዝናብ እየወረደበት ተቀመጠ። ደምለው ቀይ መታጠቂያውን ታጥቆ ከሹሙ ጀርባ ቆሟል።

ቦታውን ማን ማን ያውቅ እንደነበር መጀመሪያ የተጠየቀው እሱ ነው።

«እኔና እምዬ ነን» አለ። ቀጥሎም፣ «እኔ እንደሁ ከመጋቢት ጀምሮ ምሽግ ነኝ» አለ።

የሻረግ ዞር ብላ አየችው። ሁለት ሰው ብቻ በሚያውቀው ጉድጓድ ሌባውን ለማወቅ ወፍ አያስፈልግም። እሷ አወቀች፤ እሱም ማወቋን አወቀና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ከዚያ ሽማግሌው ተነሱ። «ወፍ እንዲህ ትላለች። የሻረግ በሰኔ፣ በማለዳ፣ ማሽላ በስልቻ ተሸክማ ከጫካ ስትወጣ ታይታለች። ለማንም አትናገሩ ብላ አደራም ብላለች።»

ከዚህ ሁሉ አንድም ውሸት የለም። የጎደለው ለማን እንደተሸከመችው ብቻ ነው። ወፏ አያቴ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ «ሦስት ልጅ ይዤ ጉድጓዱን ባዶ ሳየው ልቤ ዞረ፤ የሰጠችኝ ከሰረቀችው ላይ መስሎኝ ነው» ትል ነበር። መስሎኝ! ልጇ የጠጣችው አጥሚት ከአፏ ሳይደርቅ መስሏት! አያቴን እወዳታለሁ፤ የበላችበትን ወጭት ሰባሪ ከመሆን ግን ፍቅሬ አያድናትም።

የሻረግን ተናገሪ አሏት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ «ከራሴ ጉድጓድ ነው» ብትል ሼህ ሷሊህ ይመሰክርላታል። ግን ሹሙ ከፊቷ ተቀምጧል። ያን ቃል በተናገረች ማግስት ጉድጓዷ የበቅሎ ቀለብ ይሆናል፤ ከሁመሩ ሥር ላሉት ልጆች ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ በቀር ተስፋ የላቸውም። ሌባው ልጄ ነው ብላ ጣቷን ብትቀስርም የሹሙን ሰው በሹሙ ፊት ማን ይይዝላታል? ተሳዳቢዋ ሴት ያን ቀን አንድም ስድብ አልወጣትም።

«የጎደለውን እተካለሁ» አለች።

በአገሩ ሕግ ይህ ማመን ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት። አየሁሽ ልጇን ወደ ደረቷ ሳበች፤ ከሌባ እንደምትሸሽግ ሁሉ።

ሁለቱ በሬዎች ሄዱ። ሼህ ሷሊህ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት አሻግሮ በማሽላ ለወጣቸው። የበሬዎቹ ዋጋ ግን ለሰፈሩ ለጥቂት ጊዜ እንጂ ለክረምቱ አይበቃም። የቀረውን ሼሁ ከየሻረግ ጉድጓድ እያወጣ፣ ከሱዳን የመጣ አስመስሎ በአህያ አገባላት። አንድ ቀን አላስችለው ብሎ፣ «ወላሂ፣ የሻረግ፣ እኔ ልናገርልሽ» አላት። «ሼሁ፣ ይተዉት፤ መጀመሪያ ልጆቹ ይብሉ» አለችው። እሱም ቃሏን ጠበቀ።

በዚያ ክረምት ከሁመሩ ሥር በረሃብ የሞተ የለም። ያመሰገናትም የለም። ከሌባ የተመለሰ እህል ምን ምስጋና አለው? በምጽዋት ልትሰጣቸው ያሰበችውን እንደ ዕዳ ተቀበሏት። ስትሰፍር እጅ እጇን ያያሉ፤ ቁናውን ነቅንቂው፣ ሙዪው ይሏታል። ቀድሞ ለእፍኝ ንፍሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ይል የነበረ አፍ ሁሉ ተለጎመ። አየሁሽ ፊቷን አዙራ ስልቻዋን ትዘረጋለች። የሻረግም መሳደብ ተወች። እናቴ ከልጅነቷ የምታስታውሰው ይህን ብቻ ነው፤ ሳይናገሩ የሚሰፍሩ ረጅም ሴትዮ።

ከዚያ በኋላ በአዝመራ የአውድማውን ቁና ለእሷ የሚያምን ጠፋ። በሬ ስለሌላት መሬቷን በዶማ ቆፈረች። ከምታገኘው ላይ ግን ለሰፈሩ መስጠቷን አላቆመችም። ተናዳ ይሁን አዝና አላውቅም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ንፍሮ ቀቅላ ከሁመሩ ሥር ታድል ነበር።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ጣሊያን መተማን ለቆ ወጣ። ምሽጉ ተዘረፈ፤ ሹሙ ጠፋ። ደምለው ቀይ መታጠቂያውን ጥሎ ጫካ ገባ፤ ባንዳ እያለ የሚፈልገው ብዙ ነበር። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን የሻረግ ንፍሮ ስታድል፣ ጸጉሩ ያደገ፣ ጉንጩ የገባ ሰው ብቅ አለ። የተሰለፈውን ሰው አልፎ፣ እንደ ልጅነቱ፣ በቀጥታ ወደ ቤቷ በር አመራ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«እምዬ፣ ርቦኛል» አለ።

የሻረግ ቅሏን አስቀመጠች። «ልጅ አይለምንም፤ ገብቶ ይወስዳል። አንተ የልጅነትህን ከጉድጓዱ ወስደህ ጨርሰሃል፤ ለእኔ ያስቀረህልኝ ጭዱን ነው። አሁን ከሰው ጋር ተሰለፍና ለምን።»

ከሁመሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ደምለው ወደ ቤቱ በር አየ፤ ወደ ጫካውም አየ። ከዚያ ከአየሁሽ ኋላ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ስለ ማርያም» አለ። ለሌላው የሰጠችውን ያህል ሰጠችው፤ አላሳነሰችም፣ አልጨመረችም። በልቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በአገራችን ያየው የለም። የሻረግም ስሙን አላነሳችም።

አያቴ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። እግሯ ላይ ወደቀች። የሻረግ ይዛ አነሳቻትና ቅሏን አንስታ ማደሏን ቀጠለች። ከማግስቱ ጀምሮ አያቴ በየጠዋቱ ከሽንፋ ውሃ ቀድታ የሻረግ በር ታደርስ ጀመር። ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ፤ እናቴ አድጋ ተዳረች፤ እኔ ተወለድኩ፤ ያ እንስራ አልቀረም። ሌላው ሰው ቀስ በቀስ ታርቋት ነበር፤ አቧራውን እያራገፈ ቤቷ ይገባል፣ «ና ግባ፣ አንተ ደረቅ» ትለዋለች። አያቴን ግን ከአጥሩ ውጭ ትቀበላታለች። እንስራውን ታወርድላትና፣ ለማታውቀው መንገደኛ እንደሚባለው በትሕትና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላት በሯን ትዘጋለች።

አያቴ አንዲት ስድብ ስትጠብቅ ኖራ፣ ሳትሰማት ሞተች።