የክርስትና አባት የሰጠው ጎማ

ፊደንሲዮ የሰው ምራቅ ተሸክሞ መዞር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ ቅርጽ በለስላሳ ሊጥ ያነሳሉ፤ እሱ ሊጡን ተቀብሎ ሳይደርቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወደሚሠራበት ቤት በብስክሌት ያደርሳል። ሊጡ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። አንዳንዱ ላይ ደም አለ፣ አንዳንዱ ላይ የቁርስ ፍርፋሪ። በሜክሲኮ ሲቲ ስንቱ ሰው አፉን ሳይጉመጠመጥ ሐኪም ፊት እንደሚቀመጥ ፊደንሲዮ ያውቃል፤ ባያውቅ በወደደ።

ከተፈጥሮው ተጸያፊ ነው። ላብ ያለበት እጅ ከጨበጠ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። መንገድ ላይ ሰው ሲተፋ ካየ ምሳ አይበላም። ከሁሉም ይልቅ ግን የሚያንገሸግሹት እነዚያ ጎረምሶች የሚነዷቸው ፍሬን የሌላቸው ብስክሌቶች ነበሩ። ካቴናውን የሚይዘው የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታሰር፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ እግርን ማሳረፍ የለም። ማቆም የፈለገ በእግሩ ፔዳሉን ወደ ኋላ ይታገላል። «ብስክሌት ነው ወይስ ወፍጮ?» ይል ነበር ጎረምሶቹ በአጠገቡ ሽው ባሉ ቁጥር።

ጉልበቱ ሲከዳው ሥራውን ለልጁ ለኔሬይዳ ሊያስረክብ ከአሠሪው ጋር ተስማማ። ሰኞ ትጀምራለች ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷም ከብስክሌት ሁሉ ያንኑ መረጠች።

«ማርሽ የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለው። ደግሞ ርካሽ ነው አባዬ።»

«ርካሽስ ነው። የሬሳ ሣጥን መርቀው ቢሰጡበት ደግሞ ጥሩ ነበር።»

«አንተን የማያስጠላህ ነገር አለ?»

«አስጠሊ በሞላበት ከተማ ምን ላድርግ?»

ገበያ ወርዶ ያገለገለ ገዛ። እሱ ሳይለምደው እሷ እንዳትነካው አስማላት። በመጀመሪያው ጠዋት፣ የመንገዱ ጉብታ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ እግሩን ላሳርፍ አለ። ፔዳሉ ግን አላረፈም፤ እንደ ክፉ በቅሎ አሽቀንጥሮ ጣለው። ጥግ ላይ ታማሌ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የምትሸጠው ሴት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዶን ፊደንሲዮ! ማን ነው ማንን የሚነዳው?»

ቅልጥሙን እያሸ ማሻሻል ጀመረ። ካቴናውን ሲያጥብ ፀጉር፣ ማስቲካና ምንነቱን ማወቅ የማይፈልገው ነገር ወጣ። የተሰነጣጠቁትን ጎማዎች በወፍራም ለወጠ። የላስቲኩን ፔዳል ጥሎ የብረት ገጠመ፤ እግር እንዳያመልጥ ማሰሪያ ጨመረበት። መጨረሻ ላይ የፊት ፍሬን አሰረለት።

«ፍሬኑ መልኩን አበላሸው» አለች ኔሬይዳ። «ይሳቁብኛል። አውልቅልኝ።»

በእርግጥም ጎረምሶቹ እሱን አይተው ሳቁ። «ሽማግሌው፣ ጃንጥላም ይግጠሙለት!»

የቀረው የኋላው ጎማ ነበር፤ ይወላገዳል። ይህን ሆናስ ሰማ፤ በሳን ፓብሎ ጎዳና የብስክሌት ሱቅ አለው። አብሮ አደጉ ነው፤ ኔሬይዳን ክርስትና ካነሳበት ቀን ወዲህ ግን እንደ ወጉ በእርስዎ ነው የሚነጋገሩት። ሆናስ ቸርኬው የወርቅ ቀለም የተቀባ ጎማ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። «ለክርስትና ልጄ በገዛ እጄ የሠራሁት» አለ።

ወርቁ የደላላ ጥርስ ይመስላል። ፊደንሲዮ ግን ከወርቁ ይልቅ መሀሉን፣ የካቴናው ጥርስ የተጠመዘዘበትን ቦታ ማየት ፈለገ፤ እጁንም ዘረጋ። ወዲያው ሰበሰበው። አበልጅ የሰጠውን ገልብጦ መፈተሽ፣ አበልጅ ያቀረበውን ሥጋ አሽትቶ እንደ መብላት ነው።

«ምነው አበልጄ፣ ተጠራጠሩ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! እጅዎ ይባረክ።»

ሌላውን ብሎን ሁሉ ለልጁ ብሎ ሦስቴ ያጠበቀ ሰው፣ ያንን ጎማ ሳያየው ገጠመው።

አርብ ዕለት የአንዲት አሮጊት መንጋጋ የተነሳበትን ሊጥ ጀርባው ላይ አዝሎ ከድልድዩ ቁልቁል ወደ ላ ሜርሴድ ገበያ ወረደ። ፍጥነቱን ሊቀንስ ፔዳሉን ወደ ኋላ ተጫነው። ቋ! አለ አንድ ነገር። እግሮቹ ባዶ ነገር እንደሚረግጡ ወደ ኋላ ተሽከረከሩ፤ ጎማው ግን መውረዱን ቀጠለ። ያ የተሳቀበት ፍሬን እየጮኸ ባያዘገየው አውቶቡስ ሥር ነበር የሚገባው። መሪውን ጠምዝዞ ዶሮ ሻጮቹ ከሚያጥቡበት ቦይ ውስጥ ወደቀ። ላባ፣ አንጀት፣ ቅባት ያዘለ ለብ ያለ ውሃ። አፉ ውስጥ ገባ። የአሮጊቷ መንጋጋ ከቦርሳው ወጥቶ ከጎኑ ተንሳፈፈ።

ተንበርክኮ አስታወከ። ሲያስታውክም የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰኞ። ፍሬኑን ቢያወልቅላት ኖሮ።

ወደ ሆናስ ሱቅ ሄዶ ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«አበልጄ! ምን ሆኑ? ዶሮ ዶሮ ይሸታሉ!»

«ጥርሱን የሚቆልፈው ቀለበት የት አለ?»

«እ... ሞዞው፣ ይህ መሀሉ፣ የተራ ብስክሌት ነው፣ ቀለበት አይቀበልም። በማጣበቂያ ነው ያሰርኩት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው። እስካሁን ማንም መልሶ አላመጣም።»

ግድግዳው ላይ ሌሎች ወርቃማ ጎማዎች ተሰቅለዋል። ፊደንሲዮ አያቸውና አፉ እንደገና ምራቅ ሞላ።

«እሺ። መልሰው ያጣብቁት። ይውጡበትና ድልድዩን ይውረዱ። እዚህ ቆሜ አያለሁ።»

ሆናስ ጎማውን አየ። ከዚያ ጫማውን አየ። «ዛሬ እንኳ... ወገቤን ትንሽ ያመኛል።»

«የኔሬይዳ ወገብስ?»

 ሆናስ ጠረጴዛውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ፊደንሲዮ የዶሮውን እጣቢ እንደ ጠበል የሚያስቆጥር ነገር እንዳለ ያን ጊዜ አወቀ። የሞላውን ምራቅ ዋጠ፤ እዚያ ቤት ምንም ትቶ መሄድ አልፈለገም፣ ከጎማው በቀር።

ሁለት ሱቅ አልፎ ከማያውቀው ሰው ጥቁር፣ መልከ ቢስ ጎማ መረጠ። ባዳ ስለሆነ አላፈረም፤ ገለበጠው፣ ቀለበቱን ጠመዘዘው፣ ሊያሸተውም ምንም አልቀረው።

እሑድ ከሰዓት ብስክሌቱን ገልብጦ አቆመና የብሎን ቁልፉን ለኔሬይዳ ሰጣት።

«ሁሉንም ፈትሺ።»

«አንተ አጥብቀኸው የለ?»

«እኔ ስላጠበቅኩት ነው የምልሽ።»

ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ሞከረችው። ልጁ ሥራውን ስትመረምር ማየት ከጠበቀው በላይ ቆረቆረው። የፊት ጎማው ዳዶ ላይ ስትደርስ ቁልፉ በእጇ ዞረ። ቀና ብላ አየችው።

«ላልቷል አባዬ።»

ፊደንሲዮ ግሪስ የጠገበ እጁን አየ። እንደ ሌላ ሰው እጅ አስጠላው።

«አጥብቂው» አላት። «ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪ።»